የከፋቹ ምላስ

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ስሙን ብነግራችሁ ቀጥላችሁ መንገዱን ትጠይቁኛላችሁ፤ መንገድ ከራስ አውጥቶ መናገር ደግሞ እዚያ አገር ያስቀጣል። ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ፍርሃቱ ግን እስካሁን ከላዬ አልወጣም። ብቻ ኖሬበታለሁ፤ ያየሁትንም አይቻለሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? እዚያማ ጉድ ሳይሰማ ጠዋቱም አይጠባ።

ለጨዋታ ያልኩት እንዳይመስላችሁ። በዚያች ከተማ ፀሐይ ብትወጣም ቀኑ ቀን የሚሆነው ከፋቹ ሲከፍተው ነው። ከፋቹ በየጠዋቱ ከገበያው ራስ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ይወጣና መክፈቻውን ይላል። «ውኃ የሚቀዳ ይቅዳ፤ ወፍጮ የሚያዞር ያዙር፤ ከብት ከበረት ይውጣ፤ ሸማኔ ጉድጓዱ ይግባ፤ ልብስ የሚያጥብ ይጠብ» እያለ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ድምፁ የማይደርስበት ጓሮ የለም። አንድ ቀን ከፋቹን ጉንፋን ይዞት ሲያረፍድ፣ ሰው ሁሉ እንስራውን አዝሎ፣ ማጭዱን ይዞ፣ ፀሐይ አናቱን እስክትመታው በየደጁ ቆሞ ሲጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ። በመክፈቻው ያልተባለ ነገር በዚያ ቀን የለም። የተባለ ደግሞ ቢሞትም አለ።

ሌላው ልማዳቸው የስም ነው። እዚያ የሰው ቤት በራስ ዕውቀት አይኬድም። ጥንት አንድ ሙሽራ «ቤቱንማ አውቀዋለሁ» ብሎ ሚዜዎቹን አስከትሎ ሰው ደጅ ገባና የሌላ ሰው እጮኛ በበቅሎ አፈናጦ ሄደ አሉ። ልጅቷም ዝም ብላ ሄደች፤ ደስ ብሏት ነው የሚሉም አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ከራሱ የሚያውቀው ነገር «የጓዳ ዕውቀት» ተባለና ከቁጥር ወጣ። ሰው የፈለገ ሰው ስሙን ይዞ ስም ፈቺው ዘንድ ይሄዳል፤ ስም ፈቺውም ይፈታለታል፦ «እከሌ ማለት ከዋርካው ቁልቁል፣ የቅንጭብ አጥር ያለው ቤት ነው።» ጠያቂው በዚያ ቃል ሄዶ «ስምህ ተፈትቶ ነው የመጣሁት» ብሎ ያንኳኳል። ይህን ላላለ ሰው በሩን የሚከፍት የለም። የስም ፈቺውም ማንነት በመክፈቻው መጨረሻ ላይ አለ፦ «ስም የጠፋበት ሰው አለቃ ጓንጉልን ይጠይቅ።»

በእኔ ዘመን ከፋቹ ምንውየለት ነበር። አባቱም አያቱም ከፋች ናቸው። መክፈቻውን ያጠናው ትርጉሙን ሳያውቅ ገና በልጅነቱ ነው፤ እንደ ዳዊት፣ ላዩ ላይ፣ በዜማ። ከመሀል ጀምር ብትሉት አይችልም፤ ያቋረጡት እንደሆነ ከመጀመሪያው ይነሳል። መደቡ ላይ ቆሞ ምላሱ ሲወርድ እርሱ ስለ ጫማው ቀዳዳ ያስባል። ደግ ሰው ነው፤ ሰው ይወደዋል። አንድም ቀን አንዲት ቃል አልሳተም፤ መከራውም የመጣው ከዚያ ነው።

አለቃ ጓንጉል ሞተ። ከተማው ወጥቶ ቀበረው፤ «እግዜር ይፍታው» ብሎ ተመለሰ። በማግስቱ ምንውየለት መደቡ ላይ ወጣና መክፈቻውን አለ፤ መጨረሻው ላይ «ስም የጠፋበት ሰው አለቃ ጓንጉልን ይጠይቅ» ብሎ ወረደ። ምን እንዳለ የገባው ከመደቡ ወርዶ ጫማውን ሲያጠልቅ ነው። ክው አለ። ቀና ብሎ ሰዉን አየ፤ ይስቃሉ ብሎ ነበር። የሳቀ የለም። ስም የጠፋበት ስሙን ይዞ ወደ መቃብሩ እየሄደ ነው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አንዱ «የሞተ ሰው እንዴት ስም ይፈታል?» ብሎ ጠየቀ። ትልቁ ሽማግሌ ጺማቸውን እየዳበሱ ሲያስቡ ቆዩና «አለቃ ጓንጉል ሲቀበር ተፈትቷል ወይስ አልተፈታም?» አሉ። ተፈትቷል ተባለ፤ ካህኑ ነበሩ፣ ሁሉም ሰምቷል። «እንግዲያው ምን ያከራክረናል? መፍታት የሚያቅተው የታሰረ ሰው ነው። የተፈታማ እንዴት መፍታት ያቅተዋል?» አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መልስ የሚሰጥ አልተገኘም፤ ስለዚህ እውነት ሆነ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ መቃብሩ ላይ ዳስ ተሠራ፣ ዘበኛ ቆመ። ጠያቂ ተራው ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ስሙን ይጠራል፤ የዛፉ ጥላ የራስጌውን ድንጋይ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ጥላው ካለፈ ዘበኛው «መልስ የለም፤ የምትለው ሰው የለም» ይላል። እንዲህ እየተባለ በቁሙ ያለ ሰው ሁሉ የለም ተባለ። ጨው ነጋዴው ሱቁ ውስጥ ጨዉን ታቅፎ ይውላል፤ ደንበኞቹ መቃብር ሄደው «የለም» ተብለው ይመለሳሉ። መጀመሪያ ተናደደ። በኋላ በኋላ ሰላም ሲሉት መልስ መስጠት ተወ፤ ያልኖረ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

ይሄ ሁሉ ሊያስቅ ይችላል፤ አንጓች እስክትሞት እኛንም ጥቂት አስቆን ነበር። አንጓች የሸማኔው የቢያድግልኝ ሚስት ናት። ምጥ ሲይዛት ቢያድግልኝ የአዋላጇን ስም ይዞ መቃብር ሮጠ፤ ተሰለፈ፣ ጠየቀ፣ ጥላው አለፈ፣ «የለችም» ተባለ። እንደገና ተሰለፈ። ቤቱ ሲመለስ ሚስቱም ልጁም አልነበሩም። አዋላጇ እትዬ ሙላቷ የምትኖረው ከእርሱ ቤት ጎረምሳ ድንጋይ ቢወረውር በሚደርስበት ነው። ቢያድግልኝ ይህን አልተናገረም። የጓዳ ዕውቀት ነዋ።

ምንውየለትን ያስደነገጠው የዚያን ሰሞን የገዛ ልጁ ዘርትሁን ለወሊድ እናቷ ቤት መምጣቷ ነው። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለድ፤ ባሏም ሩቅ አገር ለንግድ ሄዷል። የእትዬ ሙላቷ ግቢ ደግሞ ከምንውየለት ግቢ በአንድ አጥር ይገናኛል። ስትስል ይሰማል። ዶሮዎቿ ስም ሳያስፈቱ በአጥሩ ቀዳዳ ሲመላለሱ ይውላሉ።

ሚስቱ ስንዱ «አንተ ሰውዬ፣» አለችው፣ «ከተማውን ሁሉ መቃብር የሚነዳው ይሄ አፍህ ነው። ሙት ይዞ ይሞታል ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ባሌ ሲያስይዝ ያየሁት ግን አሁን ነው። ልጄን ከሞተ ሰው ጋር አታቆራኝብኝ።»

«ምላሴ እኮ ነው፤ እኔ አይደለሁም» አላት።

«ምላስህን የት አግኝቼ ልለምነው ታዲያ?»

ምንውየለት አጥሩ ዘንድ ሄደና «እትዬ ሙላቷ» ብሎ ተጣራ። ወዲያ ማዶ የሚወቀጠው ነገር ዝም አለ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ምንውየለት።»

«መሆንህን ጆሮዬ ያውቃል። ጆሮዬ ግን የጓዳ ዕውቀት ነው» አለች።

«እትዬ፣ ልጄ ዘርትሁን ደርሳለች። ምጡ ከመጣ በዚህ በአጥሩ ብቻ ብቅ በይልኝ።»

እትዬ ሙላቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አምና እንዲህ ለምነውኝ በጓዳ ዕውቀት ሄጄ አዋለድኩ» አለች። «ልጁ ዛሬ ይድሃል፣ ጥርስ አውጥቷል። ሽማግሌዎቹ ግን በሥርዓት ስላልመጣሁ አልተወለደም አሉ። እናቱ እስካሁን ነፍሰ ጡር ናት ተብላ ከሰው እኩል ሥራ አትሠራም። እኔንም ክረምቱን ሙሉ ከሥራ አገዱኝ። ያንተን ልጅ እንዲህ እንዳደርጋት ነው የምትለምነኝ? ስሜን አስፈታና በበር ና፤ እየሮጥኩ እመጣለሁ።»

ምንውየለት እንቅልፍ አጥቶ አደረ፤ በማግስቱ ቀትር ላይ ድፍረት አገኘ። ገበያው ሞልቶ ሳለ መደቡ ላይ ወጣና «ስም የጠፋበት ሰው ይርዳውን ይጠይቅ» ብሎ ጮኸ። ይርዳው የአለቃ ጓንጉል ደቀ መዝሙር ነው፤ የከተማውን ቤት ሁሉ ከነአጥሩ ያውቃል፤ ግን አልተባለምና ማንም አይጠይቀውም ነበር። ሰዉ ግር አለ፣ ከዚያ ጎርፎ ወደ ይርዳው ሄደ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከተማዋ የታመመ ሰው ላብ እንዳወጣ ቀለል አላት። ወንድምና ወንድም ተገናኘ። ጨው ነጋዴው «አለ» ተባለና አለቀሰ። ምንውየለትም ለልጁ «አይዞሽ፣ አባትሽ አስተካክሎታል» ብሏት ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

ጠዋት መደቡ ላይ ወጣ። ውኃው ተቀዳ፣ ወፍጮው ዞረ፣ ከብቱ ወጣ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ምላሱ «አለቃ ጓንጉልን ይጠይቅ» አለ።

በእጁ አፉን ያዘ፤ ወጥቷል። መክፈቻ ማለት የትናንቱን ሁሉ ጠርጎ ቀኑን እንደ አዲስ የሚያነጥፍ ነው፤ ቀትር ላይ የተባለው ይርዳው ከትናንቱ ቆሻሻ ጋር ተጠርጎ ወጣ። ሰዉ አንድም ቃል ሳይናገር ፊቱን ወደ መቃብሩ አዞረ። ምንውየለት ወደ ይርዳው ሮጠ። ይርዳው በሩን ገርበብ አድርጎ «ትናንት ነበርኩ፤ ዛሬ አልተባልኩም» አለና ዘጋው። ሽማግሌዎቹም ምንውየለትን አስጠርተው አንድ ቀን ሁለቴ አይከፈትም፣ ቀትር ላይ ሁለተኛ አፍህን ብትከፍት ከመደቡ ትወርዳለህ አሉት።

የቀረው አንድ መንገድ ነው። መክፈቻውን ራሱን ለመለወጥ የመክፈቻውን ሹም ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ሹሙ ፈቅዶ ቃሉን በአዲስ ዜማ ካስጠናው ምላሱም ይለምዳል። ሹሙ ሹም ደምስ ይባላሉ። ሹም ደምስን ለማግኘት ደግሞ ስማቸውን ማስፈታት ግድ ነው። ስለዚህ ምንውየለት ራሱ፣ በገዛ ምላሱ ሰው የሚነዳበት መቃብር ሄዶ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ጎንበስ ብሎ «አለቃ፣ ሹም ደምስ የት ነው የሚኖሩት?» አለ። ጥላው ድንጋዩን አለፈ።

«መልስ የለም። ሹም ደምስ የሚባል ሰው የለም» አለ ዘበኛው።

ምንውየለት ዞር ቢል ሹም ደምስ ከኋላው ቆመዋል። ፀጉራቸው አድጎ ጆሯቸውን ሸፍኗል፤ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«ጌታዬ፣ እርስዎን ፍለጋ ነበር የመጣሁት።»

«ሰማሁ። የለም ተባልኩ አይደል?» አሉ፣ ምንም ቅር ሳይላቸው። «እኔም ፀጉር ቆራጬን ፈልጌ ነው። እርሱም የለም መሰለኝ።»

«ጌታዬ፣ ከመክፈቻው አንዲት ስም እንድለውጥ ይፍቀዱልኝ። ልጄ ልትወልድ ነው። የቢያድግልኝን ሚስት ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ፣ አዝኛለሁም። ግን እዚህ እኔ ጠያቂ ነኝ፤ ሹምነቴ ያለው ቤቴ ነው። ቤቴ ድረስ ና፣ እፈቅድልሃለሁ።»

«ቤትዎ የት ነው?»

ሹም ደምስ በጃንጥላቸው ጫፍ መቃብሩን አመለከቱት። «ሥርዓቱን ታውቃለህ፤ በየጠዋቱ የምትነግረን አንተ አይደለህ?» አሉት።

ምንውየለት ቤቱ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። ለስንዱ የሆነውን ሲነግራት ትቆጣለች ብሎ ነበር፤ አልተቆጣችም። ከልጇ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት።

ዘርትሁንን ምጥ የያዛት ጎህ ሲቀድ ነው። ቀኑ ገና አልተከፈተምና ምንም ማድረግ አይቻልም። ምንውየለት ወደ መደቡ ሲሄድ መንገዱን ሙሉ «ይርዳው፣ ይርዳው፣ ይርዳው» እያለ አፉን አስለመደ። ከመደብ ቢያወርዱትም ያውርዱት ብሎ ቆርጧል። ላብ እያጠመቀው ወጣና ጀመረ። «ውኃ የሚቀዳ ይቅዳ፤ ወፍጮ የሚያዞር ያዙር...» ምላሱ እንደ ልማዱ መሮጥ ያዘ። ሊያዘገየው ሞከረ፤ ዜማው አይዘገይም። ልብስ አጣቢው ተባለ፣ አናጢው ተባለ። መጨረሻው እየመጣ ነው፤ «ይርዳው» የሚለውን ስም ከአእምሮው ውስጥ ፈለገው፤ የለም። አለቃ ጓንጉል ብቻ አፉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል።

በዚህ ጊዜ ከሰዉ ዳር ስንዱን አያት። ልጇን ብቻዋን ትታ መጥታለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ሁለቱን እጆቿን አናቷ ላይ ጫነች።

«ስም የጠፋበት ሰው» አለ ምላሱ። ምንውየለት ልቡ ወለቀ። ሊል የፈለገው «እኛ ቤት ልጅ እየሞተች ነው» ነበር፤ «እኛ ቤት» ብሎ ትንፋሽ አጠረው። ያቺ ትንፋሽ እስክትመለስ ምላሱ ዜማውን ያዘና የለመደውን ጨረሰ፦ «ይጠይቅ።»

ስም የጠፋበት ሰው እኛ ቤት ይጠይቅ። ተባለ። ቀኑ ተከፈተ።

አንድ ሰው «የማን ቤት ነው ያለው?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ። «እኛ ቤት» አለው ጎኑ ያለው። «እኛ ማን ነን?» «እኛ ነና፤ እኔም አንተም።» ቃሉ ከአፍ አፍ ሄደ፣ የሰማው ሁሉም እኛ ቤት እያለ ደገመው፣ ደግሞ ወደየቤቱ አቀና። አንድ እንኳ ወደ መቃብር የሄደ የለም። ሰው ሁሉ የገዛ በሩ ላይ ቆሞ፣ መቃኑን ይዞ፣ የገዛ ቤቱን ጠየቀ። እኔም ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ሕግ ነዋ። «የወንድሜ ቤት የት ነው?» አልኩ። ወዲያው መጣልኝ። ሳውቀው ነው የኖርኩት ለካ።

እትዬ ሙላቷ ገና «ልብስ የሚያጥብ» ሲባል ነበር እንዶዷን በጥብጣ ማጠብ የጀመረችው። መጨረሻውን ስትሰማ ተነስታ የቤቷ መቃን ዘንድ ቆመችና «የምንውየለት ቤት የት ነው?» ብላ ጠየቀች። «ከአጥሩ ወዲያ ነው» ብላ መለሰች። በበሩ ዞራ አልሄደችም፤ ዶሮዎቿ በሚገቡበት ቀዳዳ ቀሚሷን እየቀደደች ሾለከች። ምንውየለትና ስንዱ ከገበያ እየሮጡ ሲደርሱ ዘርትሁን አጠገብ ተንበርክካ አገኟት። የእንዶዱ አረፋ ክንዷ ላይ ገና አልጠፋም። ምንውየለት ያንን አረፋ አይቶ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ይህን ያህል ቅርብ ነበር።

ልጁ በእግሩ ነበር የመጣው። ብዙ አስቸገረ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል አለቀሰ፣ እናቱም ውኃ ስጡኝ አለች። እትዬ ሙላቷ እጇን እየታጠበች «ትንሽ ብቆይ ሁለቱንም ነበር» አለች። ስንዱ እልል ማለት ጀምራ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነባት።

ምንውየለት ደስታው ሊያፍነው ደርሶ አየር ለመውሰድ ወደ ደጅ ወጣ። ደጁ ላይ ቢያድግልኝ ቆሟል። ሸማኔው ሥራ አልገባም፤ የሟች ሚስቱን ነጠላ አጣጥፎ በብብቱ ይዟል።

«እንኳን ማርያም ማረችልህ» አለ።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን። ግባ እንጂ ቢያድግልኝ።»

«አልገባም። ጠይቄ ነው የመጣሁት።» ነጠላውን ከብብቱ አውጥቶ አየውና መልሶ ያዘው። «እኛ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ። እትዬ ሙላቷ የት ናት ብዬ። ወዲያው ነገረኝ። ከዋንዛው አለፍ ብሎ፣ ከከፋቹ አጥር አጠገብ አለኝ። እንዳለኝ መጣሁ፤ እውነትም እዚሁ ናት።»

ምንውየለት አንገቱን ደፋ። ከቤት ውስጥ የልጁ ለቅሶ ይሰማል። ቢያድግልኝም ያዳምጥ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ሸማኔው። «ነገ ጠዋትስ ምን ትላለህ?»

ምንውየለት ቀና አለ። ይህንንማ ያውቀዋል፤ ከእንግዲህ ሌላ ምን ሊል ይችላል? ሊመልስለት አፉን ከፈተ፣ ምላሱም «አለቃ» አለ። በሁለት እጁ አፉን ያዘ።